የተውኩ ዕለት ቢወጣስ?

«ታላቅ ወንድሜ ነው ያሳደገኝ፤ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለቴ ሎተሪ ይቆርጣል፤ ያቺን ከ49 ቁጥሮች ስድስት የሚመረጥባትን። ቁጥሮቹን ቀይሮ አያውቅም። የሦስት ልጆቹ፣ የሚስቱ፣ የእናታችንና የእኔ የልደት ቀኖች ናቸው። አምና ከስድስቱ አራቱ ወጡለት። የቲኬቱን ፎቶ እስካሁን ስልኩ ላይ ይዞ ‹እየቀረበ ነው› ይላል። ተው ስለው ‹የተውኩ ዕለት ቢወጣስ?› ይለኛል። አሁን ደግሞ ‹ከስፔን ሎተሪ 850,000 ዩሮ ደርሶሃል› የሚል መልእክት መጣለት። ገንዘቡ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ግብር ክፈል ተብሏል። ግማሹን እስከ ዓርብ አበድሪኝ ብሎኛል። እንቢ ብለው ሊቀየመኝ ነው። ለመሆኑ ሎተሪ የሚባለው ነገር እውነት ነው? ወይስ የተበላ ዕቁብ ነው?»
ታናሽ እህት

እህቴ፣ ዓርብ ሩቅ ስላልሆነ ከመጨረሻው ልጀምር። ገንዘቡን አትስጪው።

መልእክቱ ውሸት ነው። ወንድም ጋሼ የስፔን ሎተሪ ቆርጦ ያውቃል? ካልቆረጠ አይደርሰውም። ነገሩ ይኸው ነው። ባልቆረጡት ቲኬት የሚደርስ ዕጣ የለም። «ስልክ ቁጥርህ በኮምፒውተር ተመርጦ» የሚሉት ነገር የሌቦቹ ፈጠራ ነው።

እስቲ አስቢው። በወረቀት የሚሸጥ ሎተሪ ገዢውን አያውቀውም። ቲኬቱ እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ይዞ የመጣ ይወስዳል። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) እንግሊዝ ውስጥ ለተቆረጠ አንድ የዩሮሚሊየንስ (የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያካሂዱት ሎተሪ) ቲኬት 63.8 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ስቲቨኔጅና ሂቺን በሚባሉ ከተሞች አካባቢ መሸጡ ታወቀ። ማን እንደገዛው ግን አልታወቀም። በየዜናው ተለፈፈ፣ ተፈለገ፣ የለም። 180 ቀኑ አለፈና ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ገባ። ለባለዕጣ ስልክ መደወል ቢቻል ኖሮ ለዚያ ሰው ይደወልለት ነበር።

ግብሩንም ገልብጠው ነው የነገሩት። ስፔን ውስጥ ከ40,000 ዩሮ በላይ በሆነ ዕጣ ላይ፣ ከ40,000 ለሚተርፈው 20 በመቶ ግብር አለ። ታዲያ እሱን የሚቆርጠው ከፋዩ ራሱ ነው፤ ከዕጣው ላይ። አሜሪካም ለትልልቅ ዕጣ 24 በመቶውን ለፌዴራል መንግሥት ቀንሰው ነው የሚሰጡት። እንግሊዝ፣ ጀርመንና ካናዳ ውስጥ ደግሞ ባለዕጣው በደረሰው ላይ ግብር አይከፍልም። «ዕጣህን ልስጥህ፣ መጀመሪያ አንተ ላክልኝ» ካለ ሌባ ነው።

ከላከ ደግሞ በዚያ አያበቃም። ነገ «የባንክ ማስተላለፊያ» ይሉታል። ከነገ ወዲያ «የጠበቃ»፣ ከዚያ «የኢንሹራንስ»። የሚተዉት ኪሱ ሲራቆት ነው። የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ልኮላቸው ከሆነ ዛሬውኑ ለባንኩ ይናገር።

ይሄ አለቀ። አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንሂድ።

ስሙ የሚነገድበት የስፔን ሎተሪ የእውነት አለ። የገና ሎተሪያቸው የተጀመረው በ1812 ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር 22 ቀን፣ ማድሪድ ውስጥ፣ 100,000 ቁጥሮች በትንንሽ የእንጨት ኳሶች ላይ ተጽፈው ግዙፍ የሽቦ በርሜል ውስጥ ይሽከረከራሉ። ሌላ በርሜል ውስጥ ሽልማቶቹ አሉ። የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ከአንዱ ቁጥር፣ ከሌላው ሽልማት እያወጡ በዜማ ይጠራሉ። ለሰዓታት! አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይሰማል። ሙሉ ቲኬቱ 200 ዩሮ ነው። እሱ ስለሚከብድ በአሥር ተቆራርጦ አንዱ ቁራጭ በ20 ዩሮ ይሸጣል። ትልቁ ዕጣ ለአንድ ቁራጭ 400,000 ዩሮ ነው። አንዱ ቁጥር ደግሞ በብዙ ቅጂ ስለሚታተም ሰፈር ሙሉ አንድ ቁጥር ይይዛል።

በ2011 ሶዴቶ በምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር የሆነው ይሄው ነው። የሴቶች ማኅበር ከቤት ቤት እየዞረ የአንድ ቁጥር ድርሻ ሸጠ። ቁጥሩ ትልቁን ዕጣ አወጣ። ወደ 70 ከሚጠጉት ቤቶች አንዱ ብቻ ቀረ፤ ሻጮቹ የእሱን በር ሳያንኳኩ አልፈው ነበር። ይህን ሰውዬ አትርሺው፤ ወደ ወንድምሽ ስንመለስ ያስፈልገናል።

«የተበላ ዕቁብ ነው?» ላልሽው፣ መልሴ አይደለም ነው። ቢያንስ አንቺ ባሰብሽው መንገድ አይደለም። በደንብ የሚመራ ሎተሪ ኳሶቹን ይመዝናል፣ ይለካል፣ አሽጎ ይቆልፋል። ከብዙ ማሽንና ከብዙ የኳስ ስብስብ የትኛው እንደሚሠራ የሚመረጠው በዕለቱ ነው። ገለልተኛ ኦዲተር ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ለሙከራ ይወጣል፣ ከዚያ ነው ለሕዝብ የሚታየው።

ተጭበርብሮ አያውቅም ማለቴ ግን አይደለም። በ1980 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዕጣውን በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቀው ሰው ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ ከ4 እና ከ6 በስተቀር ሌሎቹ ኳሶች ውስጥ ቀለም በመርፌ አስገባ። ኳሶቹን ወደ ላይ የሚገፋቸው አየር ነበር። ቀለም የጠጡት ከበዱና ታች ቀሩ። የወጣው ቁጥር 666 ሆነ። በ4 እና በ6 ብቻ በተሠሩ ቁጥሮች ላይ የጎረፈው ገንዘብ ነው ያጋለጣቸው። ሌላው ሌባ የባሰ ነው። የብዙ የአሜሪካ ግዛቶችን ሎተሪ የሚያካሂድ ማኅበር የኮምፒውተር ደህንነት ኃላፊ ነበር። ቁጥር የሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ የተወሰኑ ቀኖች ላይ ምን እንደሚወጣ እንዲያውቅ የሚያደርግ ነገር ደበቀ። በ2010 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ቲኬት ራሱ ሄዶ ገዛ። ገንዘቡን በሌላ ሰው በኩል ሊያስወጣ ሲሞክር «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሱቅ ውስጥ ቲኬቱን ሲገዛ የተቀረጸው ቪዲዮ ለሕዝብ ሲታይ የሚያውቁት ሰዎች በድምፁ ለዩት። በ2017 እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት።

ልብ በይ፤ በሁለቱም ታሪክ ሰራቂው አንድ የውስጥ ሰው ነው፣ የተሰረቀው ደግሞ ሎተሪው። አዘጋጁ ራሱ ግን ማጭበርበር አያስፈልገውም። ለምን ብሎ? ድርሻውን ኳሱ ሳይሽከረከር ወስዷል። ዩሮሚሊየንስ ከሚሸጠው ግማሹን ብቻ ነው ለዕጣ የሚመድበው። የስፔኑ የገና ሎተሪ ለጋስ የሚባለው 70 በመቶ ስለሚመልስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቲኬት 12 በመቶ ቀጥታ ለመንግሥት ይገባል፤ ከዚያ የበጎ አድራጎቱ፣ የሻጩና የአዘጋጁ ይቀጥላል። ከቁማር ቤቱ ሩሌት (ቁጥር በተጻፈበት ተሽከርካሪ ጎማ ላይ ኳስ ከሚጣልበት ጨዋታ) ጋር እንኳ ብታነጻጽሪው ያስቃል። አንድ ዜሮ ያለው ሩሌት በአማካይ ከ100 ወደ 97 ይመልሳል። ሎተሪ በቁማር ዋጋው ከተለካ ከመጥፎዎቹ መጥፎ ነው። ግን በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ትምህርት ቤትና ስታዲየም ይሠራበታል፣ ቆራጩም ወዶ ነው የሚከፍለው። መንግሥታት የሚወዱት ለዚህ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የፍላንደርስና የኔዘርላንድ ከተሞች ለግንብና ለድሆች መርጃ በሎተሪ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኒው ሃምፕሻየር በ1964 የዘመኑን የመጀመሪያ የግዛት ሎተሪ የጀመረችው ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ፍለጋ ነው።

በነገራችን ላይ ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈውን ቁጥርም እንዳለ አትመኚው። በ2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣው የፓወርቦል (የአሜሪካኖቹ ትልቅ ሎተሪ) ዕጣ 2.04 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። ያ በ30 ክፍያ ተከፋፍሎ በ29 ዓመት የሚሰጥ ነው። አንዴ ልውሰድ ላለ 997.6 ሚሊዮን ነበር፤ ያውም ግብሩ ሳይነሳ። (ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም።)

አሁን ስልኩ ላይ ወዳለችው ፎቶ እንምጣ። አራት ቁጥር የገጠመባት። ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔ የቀረው እሷ ላይ ነው።

በሳምንት ሁለቴ ለዘጠኝ ዓመት ማለት 936 ጊዜ ገደማ ነው። ከ49 ስድስት በሚመረጥበት ሎተሪ አራት ቁጥር የመግጠም ዕድል ከ1,032 አንድ ነው። ስለዚህ በዘጠኝ ዓመት አንዴ ቢገጥመው የሚጠበቅ ነው። ሦስት ቁጥር ደግሞ ከ57 አንዴ ስለሚመጣ እስካሁን 16 ጊዜ ያህል አይቶት ይሆናል፤ ጠይቂው። ሒሳቡ እንዳለው ነው የሄደለት። «እየቀረበ» አይደለም። ከአራት ወደ ስድስት ሁለት ቁጥር ብቻ የቀረ ይመስላል። ግን ስድስቱን መግጠም ከ13,983,816 አንድ ነው፤ አራት ከመግጠም 13,545 ጊዜ ይከብዳል።

ይሄ ቁጥር በአእምሮ አይያዝም። በሴኮንድ እናድርገው። አምስት ወር ከአሥር ቀን አካባቢ ካሉት ሴኮንዶች ውስጥ አንዷን መርጬ በሆዴ ይዣለሁ፤ የትኛዋ ናት? ወንድም ጋሼ በሳምንት ሁለቴ እየገመተ በአማካይ 134,000 ዓመት ይፈጅበታል። ፓወርቦልማ ከ292,201,338 አንድ ነው። በሴኮንድ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር ይመጣል። ወንድምሽ መቁረጥ ከጀመረበት ቀን እስከ ዛሬ ያለፉትን ሴኮንዶች በሙሉ ደርድሪና አንዷን ጥሪ እንደማለት ነው።

«ይህን ያህል ጊዜ አልወጣም፣ ከእንግዲህ ተራው ነው» የሚልም ከሆነ የጣሊያኑን ነገር ንገሪው። የእነሱ ሎቶ በየከተማው የተለያየ ዕጣ አለው፤ ከ90 አምስት ቁጥር ይወጣል። በቬኒስ ዕጣ 53 ቁጥር ከሜይ 2003 ጀምሮ ጠፋ። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። ሰው «አሁንስ አይቀርም» እያለ ገንዘቡን 53 ላይ ይከምር ጀመር። ያጠራቀሙትን የጨረሱ፣ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቁ፣ ሕይወታቸውን እስከማጥፋት የደረሱም ነበሩ። በጠቅላላው ከ3.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈሰሰበት። ቁጥሩ የወጣው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2005 ነው፤ 182 ዕጣ ከዘለለ በኋላ። ኳሱ ትናንት ምን እንደወጣ አያስታውስም። በቡልጋሪያ በ2009 ያው ስድስት ቁጥር በአራት ቀን ልዩነት፣ በተከታታይ ሁለት ዕጣ ወጥቷል። ምርመራ ታዘዘ፤ አጋጣሚ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ብትነግሪው ግን ያቆማል ብዬ አልዋሽሽም። ሒሳቡን ሳያውቀው አይቀርም። የያዘው ሌላ ነገር ነው፦ «የተውኩ ዕለት ቢወጣስ?»

ይቺን ነገር እኔም አውቃታለሁ። ድሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ሆነን በየሳምንቱ እያዋጣን እንቆርጥ ነበር። እኔ ሎተሪ አይመቸኝም። ግን በጤናዬ አንድም ሳምንት አልቀረሁም። ለምን? እነሱ አሥሩ ሀብታም ሆነው ሲወጡ እኔ ብቻዬን ጠረጴዛዬ ላይ ስቀር ይታየኝ ነበር። የምከፍለው ለማግኘት አልነበረም፤ ላለመቆጨት ነው። አንዴ ታምሜ የቀረሁ ጊዜ ዕጣው እስኪወጣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለመድረሱ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። የሶዴቶውን ሰውዬ ያሰብኩት ያኔ ቢሆን ኖሮ አብድ ነበር!

ይህን ፍርሃት አሳምረው የሚያውቁ ሎተሪዎች አሉ። በኔዘርላንድ ከ1989 ጀምሮ ያለው የፖስታ ኮድ ሎተሪ ላይ የቲኬቱ ቁጥር የሰፈርሽ ፖስታ ኮድ (ደብዳቤ የሚላክበት የአድራሻ መለያ) ነው። ባትቆርጪም ቁጥርሽን ታውቂዋለሽ። ሲወጣ ጎረቤቶችሽ በሙሉ ሲጨፍሩ በመስኮት ታያለሽ። ወንድምሽም የራሱን ፖስታ ኮድ ሠርቷል። ስድስቱን ቁጥሮች በቃሉ ስለሚያውቃቸው፣ ቢተዋቸውም አይተዉትም። በዚያ ላይ የልጆቹ፣ የሚስቱ፣ የእናቱና የአንቺ ቀኖች ናቸው። «ተው» ስትዪው ቤተሰቡን ከኪሱ አውጥቶ እንዲጥል የምትነግሪው ሳይመስለው አይቀርም።

ስለዚህ ተው አትበይው። ቁጥሩን ማሽኑ ይምረጥልህ በዪው። በብዙ አገር ቲኬት ሲቆረጥ ማሽኑ በዘፈቀደ ቁጥር እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ዕድሉ ያው ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚለወጠው፣ በየጊዜው ሌላ ቁጥር ስለሚመጣ አንዱም ልቡ ውስጥ አይቀመጥም። አንድ ሳምንት ቢዘል «ቁጥሬ ወጣብኝ» የሚለው ቁጥር የለውም። ከዚያ በሳምንት ሁለቴው አንዴ ቢሆን፣ አንዴው በወር ቢሆን ብዙ አይታወቀውም።

ለዚህ የሚሆን ጥሩ ሰበብም አለሽ። የልደት ቀን ከ31 አያልፍም። እንደ እሱ በልደት የሚቆርጠው ደግሞ ብዙ ሰው ነው። ሰው የሚወደው ቁጥር ቢወጣ እንኳ ይበተናል። በጃንዋሪ 1995 እንግሊዝ ውስጥ ስድስቱን ቁጥር 133 ሰው ገጠመው። 16 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማው ለእያንዳንዱ 122,510 ሆነ። በዲሴምበር 2020 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ወጡና ተጨማሪዋ ኳስ 10 ሆነች። ማን ይገምተዋል ትያለሽ? 20 ሰው! «ወንድም ጋሼ፣ በልደታችን ከምትቆርጥ ማሽኑ ቢመርጥ፣ ከደረሰህ ከብዙ ሰው አትካፈልም» ብትዪው አልዋሸሽም። ክብሩም አይነካም። ለአንድ ቆራጭ ከዚህ የሚጥም ወሬ የለም።

ሁለተኛ ነገር። ቢደርሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚፈልግ ጠይቂው። ዝም ብለሽ ስሚው፤ አትቸኩዪ። ዘጠኝ ዓመት ያሰበበት ነገር ነው፣ በዝርዝር ይነግርሻል። ምናልባት ከዝርዝሩ ውስጥ ሚሊዮን የማይጠይቅ ነገር ይኖራል፤ አንቺም የምታግዥው።

ግን የሚቆርጠው ሲያጣ የሚበደር፣ የቤቱን ወጪ የሚነካ፣ ስንት እንዳወጣ የሚደብቅ፣ የተበላውን ለማስመለስ የሚጨምር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የማሽን ቁጥር አይበቃውም። የሱስ ሐኪም ወይም አማካሪ ያስፈልገዋል፤ ሚስቱም ማወቅ አለባት። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ገና እዚያ አልደረሰም። ብድር የጠየቀሽ ለስፔኑ ውሸት እንጂ ለቲኬት አይደለም።

ዓርብ በስልክ አታውሪው። ቤቱ ሂጂ፤ ሚስቱ ባለችበት ሳይሆን ብቻችሁን። የመጣለትን መልእክት እንዲያሳይሽ ጠይቂው። እንቢ አትበዪው፣ አትሟገቺው። ብቻ «ወንድም ጋሼ፣ የቆረጥከውን ቲኬት አሳየኝና ግማሹን አሁኑኑ እሰጥሃለሁ» በዪው። ዘጠኝ ዓመት የቆረጠ ሰው ቲኬት ማለት ምን እንደሆነ ከእኔም ካንቺም በላይ ያውቃል። ሲፈልግ ጊዜ ስጪው።